የቴሌግራፍ ደባሌ

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ። ከሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መኖር አይሆንልኝም። ሰው ሲያንኮራፋ ስሰማ ደሜ ይፈላል፤ ውሃ ጠጥቶ ጣሳውን ሳይደፋ ያስቀመጠ ሰው ካየሁ ቱግ እላለሁ። እናቴ ይህን አመል ከአባትህ ነው የወረስከው ትለኝ ነበር። አባቴ እኔ ሕፃን ሳለሁ ስለሞተ ሊከራከራት አልቻለም። እንዲህ ያለሁ ሰው ታዲያ ጣልያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ አዳማ ላይ ቴሌግራፍ ስማር፣ ደባል ያዝኩ። ያውም እስላም ደባል።

ዛሬ ይህን ሳወራ ወጣቶቹ "ታዲያ ምን አለበት?" ይሉኛል። ምን አለበት አይባልም፤ በዚያን ጊዜ ብዙ ነገር ነበረበት። ክርስቲያኑና እስላሙ ገበያ አብሮ ይውላል፣ ለቅሶ ይደራረሳል፣ ሲታመም ይጠያየቃል። ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን መንገዱ ይለያያል። ክርስቲያን ያረደውን እስላም አይቀምስም፣ እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይነካም። ሥጋው የተቀቀለበት ድስት እንኳ እንደ ሥጋው ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ከእስላም ጋር በአንድ ምድጃ የሚኖር ክርስቲያን፣ በሰው ዐይን፣ አንድ ቀን የማይበላውን መብላቱ አይቀርም። "ሰለመ" ለመባል ከዚያ በላይ አያስፈልግህም። አንዴ ከተባልክ ደግሞ የንስሐ አባትህ ፊት ይነሱሃል፣ ልጁን የሚድርልህም አታገኝም። የእስላሙም ልጅ እንደዚሁ ነው፤ በእሱም ሰፈር የሚያወሩ ሰዎች ሞልተዋል።

ትምህርቱ የሚሰጠው ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ በቆርቆሮ በተሠራች አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። የአዳማን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው የቆርቆሮ ክፍል ማለት ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ማሽኑ አንድ ብቻ ስለነበረ ግማሾቻችን ጠዋት፣ ግማሾቻችን ከሰዓት እንማራለን። መምህራችን ፈረንጅ ነው። እያንዳንዱ የፈረንጅ ፊደል በአጭርና በረጅም ምት ይነገራል። እሱ ይመታል፣ እኛ ሰምተን እንጽፋለን። መምታቱን ቶሎ ያዝኩት። መስማቱ ግን አልሆነልኝም። ጆሮዬ ላይ ሁሉም ነገር የዶሮ ጭረት ይሆንብኛል። ፈረንጁ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ነግሮናል፦ ክረምት ሳይገባ ፈተና አለ፤ መስማት ያልቻለ ሰው እቃውን ጠቅልሎ ይሄዳል።

ለእኔ መሄድ ማለት ወለንጪቲ መመለስ ነው። እናቴ እዚያ መሬት አላት። በሬዎቹም እዚያው ናቸው። እርሻ ነውር ነው አልልም፤ እናቴ እኔን ያሳደገችው በእርሻ ነው። እኔ ግን በሬ ስነዳ የምቆጣው ቁጣ ለበሬውም ለእኔም አይበጅም ነበር። ስልከኛ መሆን እፈልግ ነበር። እንዴት እንደምፈልግ ዛሬ ልነግራችሁ አልችልም፤ ምግብ ሲቀርብልኝ እንኳ በጣቴ የገበታውን ጠርዝ እመታ ነበር።

መጀመሪያ ያረፍኩት ክርስትና አባቴ ቤት ነበር። ደግ ሰው ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቤታቸው ግን ጠጅ ቤት ነው። ጠጅ ቤት ተቀምጦ ቴሌግራፍ ማጥናት ወፍጮ ቤት ገብቶ ምሥጢር እንደ ማውራት ነው። አንዱ ይዘፍናል፣ አንዱ ይሳደባል፣ አንዱ ያለቅሳል። ለነገሩ ጸጥታ ቢኖርም ብቻዬን ምንም አልፈይድም። ይህን የማያውቅ ሰው "ለምን ብቻህን አታጠናም?" ይለኛል። ለራሴ መትቼ ለራሴ ብሰማ ምን ይረባኛል? የሚመጣውን ፊደል እጄ ቀድሞ ያውቀዋላ። ቴሌግራፍ ሁለት ሰው ይፈልጋል።

አንድ ቀን ፈረንጁ በሰው ፊት ካዋረደኝ በኋላ ወጥቼ የክፍሉን ቆርቆሮ ግድግዳ በእግሬ ስጠልዝ፣ ከሰዓት የሚማር አንድ ልጅ ተራውን ሊጠብቅ መጥቶ ኖሮ ቆሞ ያየኛል። የወሎ ተወላጅ ነው። አባቱ ከአርሲ ከብት እየገዙ ወደ አዳማ የሚነዱ ነጋዴ ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቅ ድምፅ የማያወጣ ልጅ ነው። በመስማት የሚደርስበት አልነበረም፤ ጣቢያው ውስጥ የሚሠሩት ስልከኞች እንኳ ስለ ጆሮው ያወሩ ነበር።

"እግርህን አትስበር" አለኝ። "ጆሮህ ምንም አልሆነም። የሚመታለት ሰው ነው ያጣው።"

"አንተ ልትመታለት ነው?" አልኩት፣ እንደ ልማዴ ተቆጥቼ።

"ምን አለበት? ክፍል ተከራይቻለሁ። ደባል የለኝም። ና ግባ።"

"ከእስላም ጋር ልኖር?"

"እኔስ ከክርስቲያን ጋር ልኖር አይደል?" አለና በዚያች ድምፅ በሌላት ሳቁ ሳቀ።

ወዲያው እሺ አላልኩም። ሰነበትኩ። ጠዋት ጠዋት ስነሳ "ብገባስ" እላለሁ፣ ማታ ሲሆን የእናቴ ፊት ይመጣብኝና "አላደርገውም" እላለሁ። እናቴን ብታውቋት ትረዱኝ ነበር። ባሏ የሞተባት፣ ሞፈር ቀንበሯን ራሷ የምታስጠግን፣ ጭቃ ሹሙን ቆማ የምትሞግት ሴት ናት። ጾም አንድም ቀን አፍርሳ አታውቅም። ከምንጃር ወደ ቆላው ወርዳ የሰፈረችው በአባቴ ምክንያት ነው፤ እምነቷን ግን ይዛ ነው የወረደችው። በሌላ በኩል ደግሞ ክረምቱ እየመጣ ነው፣ እኔም ከቀን ወደ ቀን እየባሰብኝ ነው።

በመጨረሻ ክፍሉን ላየው ሄድኩ። ከገበያው ከፍ ብሎ፣ ዙሪያውን በቁልቋል በታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። አንድ ምድጃ፣ አንድ ድስት፣ ሁለት መደብ አለው። ገና ሳልቀመጥ ሕጉን ነገረኝ።

"ሥጋ ወደዚህ ቤት አይገባም" አለኝ። "ያንተም አይገባም፣ የእኔም አይገባም። ሥጋ ያማረህ ቀን ክርስትና አባትህ ቤት ሂድ፣ እኔም ወደ አገሬ ሰዎች እሄዳለሁ። እዚህ ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ወተት ነው። ድስቷን ማንም መጥቶ ቢያያት፣ ቢያሸታት፣ የሚለው እንዳይኖረው።"

የከብት ነጋዴ ልጅ ነው እንግዲህ ይህን የሚለው። ሥጋ ሲወድ ደግሞ ለጉድ ነው። እኔ ስለ ራሴ ስም ስጨነቅ ሰንብቼ፣ እሱ የሁለታችንንም ስም የሚጠብቅ ዘዴ ቁጭ ብሎ አስቦ ጨርሷል። በዚያው ሳምንት እቃዬን ይዤ ገባሁ። ለእናቴ አልላክሁባትም። ስትሰማ ትሰማለች አልኩ።

ማሽን ስለሌለን የላምባ ቆርቆሮ ደፍተን በማንኪያ ጀርባ እንመታለን። እሱ ይመታል፣ እኔ እሰማለሁ። መጀመሪያ ላይ ያው የዶሮ ጭረት ነበር። ስሳሳት "ተሳስተሃል" ብሎኝ አያውቅም። ያንኑ ቃል ረጋ አድርጎ ደግሞ ይመታዋል። ሦስተኛ፣ አራተኛ ጊዜ ይመታዋል። አንድ ቀን ተናድጄ ማንኪያውን ከእጁ ነጥቄ በበሩ ወደ ውጭ ወረወርኩት፤ ሄዶ ቁልቋሉ ውስጥ ገባ። ወጥቶ ፈልጎ አመጣው። ጣቱ ላይ የገባውን እሾህ ነቅሎ ጣለና ያቋረጥንበትን ቃል ቀጠለ። እኔ ብሆን ኖሮ በማንኪያው አናቱን ነበር የምለው።

ሰው ማድነቅ አይሆንልኝም። እንከኑ ይቀድመኛል። የእሱን እንከን ግን ፈልጌ አጣሁት። ቤቱ አማርኛ፣ ከብቱ ዘንድ ኦሮምኛ፣ ቁርዓን ቤት ዐረብኛ እየሰማ ስላደገ ጆሮው ሁሉንም ያስተናግዳል። ጠዋት "አካም ቡልቴ"፣ እንዴት አደርክ፣ ብሎ ይቀሰቅሰኛል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ይሰግዳል፣ ከዚያ ቆርቆሮውን ይደፋል። "ፊደሉን አትቁጠር፤ ሰው ሲያወራ ፊደል ትቆጥራለህ?" ይለኛል። አንድ ቀን እንደዚሁ እየመታልኝ ሳለ፣ ሳላስበው፣ አንድ ሙሉ ቃል ሰው የተናገረኝ ያህል ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ዘልዬ ተነሳሁ። እሱ ከእኔ የበለጠ ደስ አለው። እጄን ይዞ ግቢውን አዞረኝ።

ጾም የሆነ ቀን፣ ረቡዕና ዓርብ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለማልበላ፣ በምሳ ሰዓት ሌሎቹ ሲበሉ እኛ እንመታለን። እነዚህ ቀናት ከሁሉ ይልቅ የምማርባቸው ቀናት ነበሩ። እሱ ምሳውን ቀድሞ ከአገሩ ሰዎች ዘንድ በልቶ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ጠይቄውም አላውቅ፤ ምን ብዬስ እጠይቀዋለሁ? እስላም ነው፣ ረቡዕ አይመለከተውም።

ክርስትና አባቴ ግን ዝም አላሉም። ከጤፍ ነጋዴዎች ጋር ለእናቴ ላኩባት፦ "ልጅሽ ከእስላም ጋር አንድ ቤት ገብቷል፤ ቶሎ ድረሽ።"

የመጣችው ረቡዕ ቀን ነው። ረቡዕ ከሰዓት ባቡር ስለሚገባ ማሽኑ ለተማሪ አይለቀቅም፤ ስለዚህ ደባሌ ቤት ይውላል። እኔ ጠዋት ትምህርቴን ጨርሼ ሰባት ሰዓት ግድም ስመለስ፣ ቁልቋሉ አጠገብ የእናቴን አህያ ታስራ አየኋት። ጭነት የላትም፤ ባዶ መጫኛ ብቻ ነው። ለምን ባዶዋን እንደ መጣች ወዲያው ገባኝ፤ የእኔን እቃ ልትጭን ነው። ጆሮዬ ገና መከፈቱ ነበር። አሁን ከዚህ ቤት ከወጣሁ ፈተናው እንደማይሆንልኝ አወቅሁ።

እናቴ ሰሌን ላይ ዱላዋን ጭኗ ላይ አጋድማ ተቀምጣለች። እግሯ ታጥቧል፤ ውሃው ገበቴው ውስጥ እንዳለ ነው። ደባሌ ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ልስማት ስጠጋ እጇን አንስታ አቆመችኝ።

"ይህ ልጅ ረቡዕና ዓርብ ምሳውን የት ነው የሚበላው?" አለችኝ።

ድስቷን ትጠይቀኛለች፣ ሥጋ ትጠይቀኛለች ብዬ ነበር የተዘጋጀሁት። "ከአገሩ ሰዎች ዘንድ ነው" አልኩ።

"ማን አለህ?"

ወደ ደባሌ ዞሬ አየሁት፤ ቀና አላለም።

"እኔ ጠየቅሁት" አለች። "ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነኝ። እግሬን አጠበኝ፣ ውሃ ሰጠኝ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ለምን አትበላም ብዬ ብጠይቀው 'ገና ነኝ' ይለኛል። ደግሜ ብጠይቀውም 'ገና ነኝ'። አንተ እስላም ነህ፣ ረቡዕ ምንህ ነው ብዬ ያዝኩት።" ወደ እሱ ዞረች። "ያልከኝን ድገምለት።"

"ይተዉት፣ እማማ" አለ።

"ድገምለት አልኩህ።"

ወደ እኔ ሳያይ ተናገረ። "እኔ ጠግቤ አንተ ተርበህ ስመታልህ እጄ ይፈጥናል፣ አንተ ደግሞ ትዘገያለህ። ሞክሬ አይቼዋለሁ። እኩል ከተራብን እኩል እንሄዳለን።"

እዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ረቡዕና ዓርብ በመጣ ቁጥር ይህ ልጅ ተርቦ ነው ቆርቆሮ ሲመታልኝ የከረመው። ዐይኔ እንባ አቀረረ፤ እናቴ እንዳታየኝ ወደ በሩ ዞርኩ።

እናቴ ግን አልጨረሰችም። "ሰው ሁሉ ልጅሽ ከእስላም ጋር ይኑር አይኑር እያለ ይጨቀጭቀኛል" አለች። "አንተን የጠየቀህ ሰው አለ? ይህ ልጄ ሲቆጣ አይጣል ነው፤ አውቀዋለሁ፣ እኔ ነኝ የወለድኩት። ከእሱ ጋር መኖር ትፈልጋለህ?"

"እፈልጋለሁ።"

"አባትህስ? እሺ ብለውሃል?"

ይኼኔ ነው ፊቱ የተለወጠው። መናገር አልፈለገም፤ እናቴ ግን የያዘችውን የምትለቅ ሴት አይደለችም። ቀስ በቀስ አወጣችው። አባቱ ከብት ነድተው አዳማ ከገቡ ሰንብተዋል። ልጃቸው ከክርስቲያን ጋር እንደሚኖር ገበያ ውስጥ ሰምተዋል። "ወይ ውጣ፣ ወይ ልጄ አይደለህም" ብለውታል። "አልወጣም" ብሏቸዋል። ከዚያን ቀን ወዲህ በየማለዳው ከብቶቹ ያሉበት ድረስ ሄዶ "አሰላሙ አለይኩም" ይላቸዋል፤ እሳቸው ፊታቸውን ያዞሩበታል። ነገ ደግሞ ወደ አርሲ ይመለሳሉ። ይህን ሁሉ ለእኔ ትንፍሽ አላለም። እኔ ክርስቲያን ወገኖቼ ምን ይሉኛል እያልኩ ስነጫነጭ፣ እሱ አባቱን እያጣ ኖሯል።

እናቴ ተነሳች። ዱላዋን ያዘች።

"እኔ የሰው ልጅ ከአባቱ ተጣልቶ ልጄን ሲያስተምርልኝ ቁጭ ብዬ አላይም" አለችኝ። "አባቱ እሺ ካሉ እዚሁ ትኖራለህ። እምቢ ካሉ አህያዋ ደጅ ናት፤ ዛሬውኑ ጭነን እንሄዳለን። ና ምራን" አለችው ደባሌን።

ከብቶቹ የሚያድሩት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ግራር ያለበት ሜዳ ላይ ነው። ነፋሱ አቧራውን ፊታችን ላይ ይበትነዋል። እናቴ ከፊት፣ እኛ ከኋላ። እኔ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። የፈራሁት ለፈተናው ብቻ አልነበረም፤ አባትየው እምቢ ቢሉ ከዚህ ልጅ መለየቴ ነው።

አባቱ ግራር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ከጨርቅ ቋጠሮ ቆሎ እየዘገኑ ከብቶቻቸውን ይጠብቃሉ። ባለ ነጭ ጢም፣ ትልቅ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። እናቴን ሲያዩ ግን ሰው ናቸውና ተነሱ።

"እንደምን ዋሉ" አለች እናቴ። "ከልጅዎ ጋር የሚኖረው ልጅ እናት ነኝ።"

"እንግዲያው ልጅዎን ይውሰዱልኝ" አሉ አባትየው።

"ልወስደው ነው የመጣሁት። ሰው ነግሮኝ፣ ልቤ ቆስሎ ነው የመጣሁት፤ እንደ እርስዎ። ግን ልጅዎን አየሁት። ልጅዎ ረቡዕና ዓርብ ልጄን ጠብቆ ነው የሚበላው።"

እናቴ ይህን ስትል እሳቸው ምን እንደሚሰሙ አላሰበችም። እስላም ልጅ ረቡዕና ዓርብ ጾመ ሲባል አባት አንድ ነገር ብቻ ነው የሚሰማው። የሰውየው ፊት አመድ መሰለ። ዱላቸውን አነሱና ወደ ልጃቸው ሄዱ።

"ተጠመቅህ?" አሉ። "ተጠመቅህ ወይ?"

ደባሌ አልሸሸም። አፉን ከመክፈቱ በፊት እናቴ መሀል ገባች። ዱላው ከራስ ቅሏ በላይ ነው ያለው።

"አልተጠመቀም" አለች። "እኔ ምስክር ነኝ። ዛሬ እዚያው ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ሰግዷል። ልጄን ልነጥቅ የመጣሁ ክርስቲያን ፊቱ ተቀምጬ እያየሁት፣ ታጥቦ፣ ሰሌን አንጥፎ፣ ሳያፍር ሳይፈራ ሰግዷል። የእኔ ልጅ እንደዚያ የሚጸልይ ቢሆን ኖሮ ስለቴ በሞላ ነበር። ድስታቸውን በእጄ ገልብጬ አይቻለሁ፣ ሥጋ የሚባል አልነካውም። ስለ ልጅዎ እስልምና ክርስቲያን ሊምልልዎ የሚችል ከሆነ፣ በፈጠረኝ እምላለሁ።"

አባትየው ዱላቸውን እንዳነሱ ቆሙ። እኔ በእናቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም፤ ትንሽ ሴት ናት፣ የሰውየው ደረት ላይ ነው የምትደርሰው፣ ግን ከቦታዋ ፈቀቅ አላለችም። በመጨረሻ ዱላውን ቀስ አድርገው አወረዱት። ከእናቴ ትከሻ በላይ ልጃቸውን አዩት። ልጁ አንገቱን ደፍቷል።

"በልተሃል?" አሉት።

"ገና ነኝ፣ አባባ።"

ሽማግሌው ወደ ፀሐይዋ ቀና ብለው አዩ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ። "ይኼ ጾማችሁ የሚፈታው ስንት ሰዓት ነው?"

"ዘጠኝ ሰዓት" አለች እናቴ።

ተመልሰው ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ። በእጃቸው የቀረውን ቆሎ ጨርቁ ላይ መልሰው ቋጠሩትና ከጎናቸው አስቀመጡት።

"እንግዲህ እስከዚያ ቁጭ በሉ" አሉን።